ጭራው ውሃ ትጠላለች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። አሶሳ።

ደሜ እስካሁን እንደፈላ ነው። ዛሬ ዘይነብ በመምህራን ፊት የመመረቂያ ሥራዋን አቀረበች፤ ከሰሊጥ ዘይት የሠራችውን ሳሙና። ከኬሚስትሪ ተማሪዎቼ ሁሉ ነገሩ ከልብ የገባት እሷ ናት። አማርኛ ግን ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ እነሱ ቤት የሚወራው የበርታ ቋንቋ ነው።

«ሳሙናው የተሠራበት የፋቲ አሲድ ቅንጣት ጭንቅላቱ ውሃ ይወዳል፣ ጭራው ውሃ ትጠላለች» አለች። «ስለዚህ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ጭራ ለጭራ ተጠጋግተው ክብ ይሠራሉ፤ ቅባቱን መሃል ያስገቡታል። የሴላችን ሽፋንም እንደዚሁ ነው የተሠራች። ማንም አልሰበሰበውም፤ ራሱ ተሰበሰበች።»

ፈታኙ መምህር ብዕሩን አስቀመጠና «ቆይ፣ ጭራው ወንድ ነው ሴት?» አላት። ክፍሉ አውካካ። እሷ የምር ጥያቄ መስሏት፣ «ኧረ መምህር፣ ወንድም ሴትም አይደለም። ውሃ ብቻ ትጠላለች» ብላ መለሰች። ሳቁ ባሰ።

በዚህም «አገላለጽ» ብሎ ነጥብ ቀነሰባት። በኋላ ሻይ ላይ አገኘሁትና «ለመሆኑ አንተ፣ ቅንጣቶቹን ማን ነው የሚሰበስባቸው?» አልኩት።

«ማማሰሉ ነዋ!» አለኝ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር። ማማሰሉ! እሷን የሚፈትናት እንግዲህ ይህ ሰው ነው!

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ዘለልኩ። እሱ ሲጠይቃት እኔም ፈገግ ብያለሁ። ዘይነብ አይታኛለች። መምህራኑ ሁላችን በአንድ ወገን፣ እሷ ብቻዋን ሰሌዳው ሥር። ማንም አልሰበሰበንም፤ ራሳችን ነን የተሰበሰብነው።