ሞላ ዱላውን ሲያነሣ

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ልምምዱ ዛሬም በደም አለቀ። የአጥቂያችን የጌታነህ ቅልጥም አብጧል፤ የታናሽ ወንድሙ የፊት ጥርስ ተነቃንቋል። ያለቀሰ ግን የለም። ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ፤ ይህን ከአንቺ በቀር ለማንም አልናገርም። ከሰኞ እስከ ዓርብ መርሳ ት/ቤት የስፖርት መምህር ነኝ፤ ልጆች እንዳይጋፉ ፊሽካ እነፋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን ዳገቱን ወጥቼ በተወለድኩበት ቀበሌ ጎረምሶችን በዱላ አፋጃለሁ። ገና ደርሷል። የላይ ሰፈሮች ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፈውናል። ዘንድሮ ግን ሞቼ ነው የምገኝ!

አዲስ ልጅ ተቀበልኩ። ሞላ፣ የእትዬ የሺ ልጅ። አሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል። ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ዝግ። ጉልበቱ አስደነገጠኝ፤ አመታቱ አሳቀኝ። ገመገምኩት።

አጨባበጥ፦ ሁለት እጁን አጣብቆ ይይዛል። እንጨት ሊፈልጥ የመጣ ይመስላል።

እግር፦ የተተከለ ችካል።

ዓይን፦ ሩሯን፣ ከወይራ ሥር የጠረብናትን ኳስ፣ ትቶ ፊቱ የቆመውን ሰው ያያል።

ከምቱ በኋላ፦ ትልቁ ጥፋት ይኼ ነው። ሩሯ ከሄደች በኋላ የዱላው ቆልማማ ጫፍ አይበርድም። ሽቅብ ወጥቶ በሰው ጆሮ ግንድ ልክ ያልፋል። ጌታነህን ለጥቂት ሳተው።

ይታረማል። ከዚህ የባሰም አርሜያለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ። ሞላ ብቻውን። ዱላው ከደረት በላይ እንዳይወጣ የቀኝ ክንዱን በጠፍር ከወገቡ ጋር አሰርኩት። እጆቹን አንድ ስንዝር አራራቅሁ። በወገብህ ጀምር፣ ክንድህ ተከታይ ነው አልኩት። ለምሳ ሳንበተን ገባው። መታ። ሩሯ ሜዳውን ጨርሳ ከባሕር ዛፉ ግንድ ላይ ቅርፊት ላጠች። ጮህኩ! እንዲህ ያለ ምት በዚህ ሜዳ አላየሁም።

ጠፍሩን ፈታሁ። እንደገና ሽቅብ። አሁንም ሽቅብ። በጥፊ አልኩት። አፍንጫው ደማ። በእጅጌው ጠርጎ «እሺ ጋሼ» አለና ያንኑ ደገመው። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ሌላውን ሁሉ ይሰማል፤ ይህችን አንዷን ግን አይሰማም። ደንቆሮ!

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

የላይ ሰፈሮች አሰላለፍ ተሰማ። አራጋው ከፊት ይቆማል። የሞላን አባት በመሬት ድልድሉ ጊዜ፣ በድንበር ጠብ፣ በመጥረቢያ የገደለው አራጋው። ሞላ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ሰውዬው ወልድያ ታስሮ ከርሞ መስከረም ላይ ተፈታ። ሽማግሌዎች ለዕርቅ እትዬ የሺ ዘንድ ተመላለሱ፤ በር አልከፈተችላቸውም።

የአራጋውን ስም ከሰማ በኋላ ሞላ ልምምዱ ላይ ሁለት ዱላ ሰበረ። አንዱ ስባሪ ተፈናጥሮ የጌታነህን ቅንድብ ቀደደው፤ በነጠላ አስረንለት ጨዋታውን ቀጠለ። እኔ ያሰብኩት ስለ ጨዋታው ብቻ ነው። አራጋው ሃምሳ ሞልቶታል፣ በግራው በኩል ይዘገያል፣ ሞላን በዚያ በኩል ላሰልፈው አልኩ። ሌላ ነገር ሽው አላለብኝም።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ሩሯን አመድ ቀባሁና አስመታሁት። አመዱ ዱላው ላይ የቱ ጋ እንደሚያርፍ ለማየት ነው። መጀመሪያ ከጫፍ፣ ከዚያ ከተረከዙ፣ በመጨረሻ ልክ ከቆልማማው ጎድጓዳ መሐል። ከዚያ በኋላ አልሳተም። እግሩም ተፈታ፤ ግራው ቀድሞ ያርፋል፣ ወገቡ ይከተላል፣ ዱላው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሲመታ ነፋሱ ፊቴን ይገርፈኛል። ልስመው ቃጣኝ።

ሽቅቡ ግን አለ። እንዲያውም ፈጥኗል።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ፣ 11 ሰዓት

ከት/ቤት እንደወጣሁ አዲስ የወይራ ዱላ ልሰጠው ቤቱ ሄድኩ። ከጓሮ ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። ከዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ቅል ተንጠልጥሏል። ሞላ ዱላውን አነሣ፣ በወገቡ ጀመረ፣ ቅሉ ፈነዳ። ከዛፉ ሥር መሬቱ አይታይም፤ የቅል ስብርባሪ ሞልቶበታል። ቅሉ የተንጠለጠለው በቆመ ሰው ጭንቅላት ልክ ነው። እናቱ ሌላ ቅል እያሰረች ነበር።

ጥፋት መስሎኝ ስታገለው የነበረው ጥፋት አልነበረም። ልጁ የሚለማመደው የአራጋውን ራስ ነው። እኔ ደግሞ የጎደለውን ጨመርኩለት፤ እግሩን፣ ወገቡን፣ ነፋሱን።

እትዬ የሺ አልደነገጠችም። «መምህር፣ ሩሯን ተዋት። ከፍ አርጎ መምታቱን አስተካክልልኝ» አለችኝ። ጮህኩባት። ነፍስ ማጥፋት ነው አልኳት። ምን ብላ እንደመለሰችልኝ ታውቂያለሽ፣ ደብተሬ? በጨዋታ ነው አለች። እውነቷን ነው። በእኛ አገር ገና ሜዳ ላይ አጥንት ቢሰበር፣ ደም ቢፈስ በጨዋታ ነው ይባላል፤ ከሳሽ አይቆምም፣ ወገን አይበቀልም። አባቶች ያቆዩት ወጣቶች በደስታ ቀን እንዳይቃቃሩ ነበር። እሷ ያየችው ቀዳዳውን ነው። ልጇ ይገድላል፣ አይታሰርም፤ የአራጋው ልጆችም ደም አይመልሱም።

እግሬ ሥር ተፋች። ሞላ መሬት መሬት ያያል።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ለፖሊስ ብናገር፣ ቅል ሰበረ ተብሎ ማን ይታሰራል። ሞላን ከቡድኑ ባወጣው፣ ጠመንጃ ተውሶ አራጋውን መንገድ ዳር ይጠብቀዋል፤ ያኔ ይታሰራል፣ ሲፈታ ደግሞ የአራጋው ልጆች ይጠብቁታል። ለአራጋው ልጆች ሹክ ብል ነገውኑ ይቀድሙታል። በየትም በኩል ብሄድ ሬሳ አለ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ዴስክ ሲደበድብ ሰምቼ ዘልዬ አነቅሁት። ልጁ አመድ መሰለ። ሽሮዬንም ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ፣ ገብርኤል

ከንግሡ ሾልኬ ወደ ላይ ሰፈር ወጣሁ። አራጋው አጥር ያጥራል። ገዳይ ብዬ ገብቼ አንቱ እያልኩ ወጣሁ።

ያውቃሉ። ከጉብታው ላይ ሆነው ልምምዳችንን ሲያዩ ከርመዋል። «ልጁ ሩሯን አያይም። እኔን ነው የሚያይ» አሉኝ። ይቅሩ አልኳቸው፤ ለበዓሉ ውርጌሳ ዘመድ ዘንድ ይሂዱ ብዬ ለመንኩ። የያዙትን እንጨት መሬት ላይ ሰክተው የተናገሩትን እንዳለ ልጻፈው።

«ሦስት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ሜዳ ላይ ብሞት ማንም እንዳይነሣ በታቦት አስምያቸዋለሁ። መንገድ ላይ ከሞትኩ መሐላው አይዛቸውም፤ ያንን ልጅ ይበሉታል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ይምታኝና እዚህ ላይ ይብቃ። ዱላዬን ጥዬ፣ ራሴን ገልጬ እጠብቀዋለሁ፤ እጄን አላነሣበትም። አንተ ግን መምህር፣ ደኅና አርገህ አስተምረው። ግማሽ ሞት አልፈልግም።»

ተሳደብኩ። ሁላችሁም አብዳችኋል አልኩ። እኔን ምን አደረጋችሁኝ፣ ቢላ ሞራጅ? አጥራቸውን ቀጠሉ። ቁልቁል ስወርድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከንዴት ነው። ከንዴት ብቻ አይደለም።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። አጭር።

ትናንት ለሞላ ሜዳ ላይ ነገርኩት፤ አራጋው ያሉትን አንድም ሳላስቀር። ዱላቸውን ይጥላሉ፣ ራሳቸውን ገልጠው ይጠብቁሃል አልኩት። ውሸት ነው አለ። እውነት ነው አልኩ። ጮኸ፤ የሰው ጩኸት አይመስልም። ዱላው ተነሣ። ክንዴን ባላነሣ ኖሮ ራሴን ነበር። ቀኝ ክንዴ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ስብራቱን በጆሮዬ ሰማሁት።

አመታቱ? የሚታረም የለውም። እግር፣ ወገብ፣ እጅ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ፖሊስ ማን መታህ አለኝ። በጨዋታ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ሕመሙ አያስተኛም። ሞላ መርሳ ድረስ መጣ። ክፍሌ በር ላይ ቆመ፤ ግባ ብለው አይገባም። ተንበርክኮ እግሬን ሊስም ሲል ገፈተርኩት፤ ከበሩ መቃን ጋር ተላተመ። እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ተናገረ።

የአባቱ ደም የደረቀበት ጋቢ እስካሁን አልታጠበም። ራስጌው ተሰቅሏል። ከልጅነቱ ጀምሮ እናቱ እራት ከማቅረቧ በፊት ታሳየዋለች። «ሕልሜ ውስጥ ሁልጊዜ ይሸሻል፣ እኔ አሳድደዋለሁ። ቆሞ ሲጠብቀኝ ግን አይቼው አላውቅም ጋሼ» አለ። ካልመታሁት ቤት የለኝም አለ። ከመታሁትስ አለ፤ አልጨረሰውም።

በግራ እጄ ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት፤ በላ።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

ቁርጥ። አሰልፈዋለሁ። ከፊት፣ ከአራጋው ትይዩ። ሜዳ ላይ እኔም አለሁ፣ አገሩም አለ። መንገድ ዳር ማንም የለም። ከተሳሳትኩ የሰው ነፍስ በእኔ ነው። ጌታነህ አብደሃል አለኝ። ሳይሆን አይቀርም።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ፣ ወልድያ፣ ሆስፒታል ግቢ

ሳይጠፋኝ ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ሩሯ 8 ሰዓት ላይ ተጣለች። ወዲያው ድብልቅልቅ። ዱላ በዱላ፣ ዱላ በአጥንት። አቧራ። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ መልሰው ይሳደባሉ። አንዱ የጆሮው ጫፍ ተቀድዶ ይስቃል። ሩሯ አራጋው እግር ሥር ደረሰች፤ ሞላ ሳይደርስ ሌላ ጠለፋት። ቆይታ እንደገና እዚያው ወደቀች። አሁን ደረሰ።

አራጋው ዱላቸውን ጣሉ። ቆባቸውን አወለቁ። ራሰ በራ ናቸው። ሞላ ዱላውን አነሣ። ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። ዱላው አየር ላይ እንዳለ ቆየ። አሁንም ቆየ። ከዚያ ወረደ። ሩሯን አይደለም፣ ራሳቸውንም አይደለም፤ ቅልጥማቸውን አገኘው። የአጥንቱ ድምፅ ሴቶቹን ዝም አሰኛቸው።

ሦስቱ ልጆቻቸው ተወረወሩ። የመጀመሪያው ሞላን ጀርባው ላይ በዱላ አደቀቀው፣ ሁለተኛው ደገመው። ሞላ አልተከላከለም። አራጋው መሬት ላይ እየተንፈራፈሩ «ጨዋታ ነው! ጨዋታ ነው ብያለሁ!» እያሉ ጮኹ። ልጆቹ ቆሙ። ሞላ እየዳኸ ሄዶ የተሰበረውን እግር ያዘ። ሁለት ስባሪ ዱላ አጋጥመን በነጠላ አሰርነው፤ እኔ በአንድ እጄ፣ እሱ በሁለት እጁ።

የመርሳው ጎረቤቴ ሰይድ አይሱዙውን ይዞ ደረሰ፤ ቢስሚላህ ብሎ እሳቸውን ከነበኩር ልጃቸው፣ እኔንና ሞላንም ጫነን። እትዬ የሺ መንገዱ መሐል ቆማ አገኘናት። ሞላን ብቻ አየችው። «የአባትህ እግር ነበር እንዴ የተፈለጠው?» አለች። በሬን እንዳትረግጥ አለችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ይድናሉ፣ ግን ያነክሳሉ አለ። አራጋው ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ግማሽ ሞት አልፈልግም ብዬህ አልነበረም ወይ አሉኝ። ያለቅሱ ነበር። የበኩር ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ይዞኝ፣ የሺ የአባታችንን እግር በባሏ ደም ምትክ ከቆጠረችው በእኛ በኩል አልቋል፤ ካልቆጠረችው ግን ያ ልጅ እንደገና ይላካል፣ እኛም አንተኛም አለ። እጁ የዱላውን ያህል ይከብዳል፤ ትከሻዬ ላይ የጣቶቹ ምልክት ቀርቷል።

ሞላ ወደ ውስጥ አልገባም። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ጎብጦ ተቀምጧል። ሸሚዙ ላይ የማን እንደሆነ የማይለይ ደም አለ። የት ልሂድ አለኝ። የእኔ ክፍል አለ አልኩት። ያ ለጊዜው ነው።

ነገ በመጀመሪያው መኪና እመለሳለሁ። ዳገቱን ወጥቼ እትዬ የሺ ደጃፍ እቀመጣለሁ። እግሩን በደሙ ቁጠሪው እላታለሁ፤ እስክትቆጥረው አልነሣም። ብትደበድበኝም ትደብድበኝ። አንድ ደኅና እጅ ቀርቶኛል።