ከአርባ አምስት በታች

ሰኞ፣ መጋቢት 4 ቀን 1964 ዓ.ም.
ዛሬም ሽሮውን ገፋው። ሁለት ጉርሻ እንኳ አልሞላም። ባሌ መርጌታ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዜማ ያስተምር የነበረ ሰው፣ አሁን ለመቀመጥም ትከሻዬን ይይዛል። አንገቱ ላይ ያለው ነቀርሳ ከአሥመራ ባመጣነው ኪኒን እየሟሸሸ ነው፤ እሱም አብሮ ይሟሽሻል። ሐኪሙ አስጠንቅቆናል፤ ኪኒኑ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ በግድም ቢሆን ይብላ፣ ከአርባ አምስት ኪሎ ከወረደ ሌላ ኪኒን አንሰጠውም ብሎ። ያኔ አርባ ዘጠኝ ነበር። ቀጠሯችን በሚመጣው ሳምንት ነው።

ጥፋቱ የሁዳዴው ጾም ነው። ወተት ቢጠጣ ይመለሳል።

ማክሰኞ
«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የያዝኩትን ጾም ለኪኒን ብዬ ልፍታ?» አለኝ። ተጣላን። ሄጄ የንስሐ አባታችንን ይዤ መጣሁ። «መድኃኒት ነው ብለህ ጠጣ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አሉት። አንገቱን ደፋ። አሸነፍኩ።

ረቡዕ
የጎረቤት ላም ወልዳለች። ወተቱን አፍልቼ ሰጠሁት። ኩባያውን እንደያዘ አለቀሰ፣ ከዚያ ጠጣው። ደስታዬ ደጃፍ እንኳ አልደረሰም፣ ሁሉንም አስመለሰው። «ብረት ብረት ይላል» አለ። እንቁላል ብሰጠውም ብረት፣ ውኃውም ብረት። ለካስ ጥፋቱ የኪኒኑ እንጂ የጾሙ አልነበረም። በከንቱ አስፈታሁት። ከድጡ ወደ ማጡ።

ሐሙስ
የሞከርኩት፦ የአጃ ሾርባ፣ ድንች ቅቅል፣ ማር በውኃ፣ ተልባ። ተልባው ብቻ ሆዱ ውስጥ ቆየ።

ኪኒኑን ልደብቅበት አሰብኩ። ሦስት ቀን ቢያርፍ ይበላ ይሆናል። እብጠቱስ? ብልቃጡን ከመቀነቴ አውጥቼ ቦታው መለስኩት። ቢውጠው ይከሳል፣ ባይውጠው ያብጣል። እኔ ምን ላድርግ?

አርብ
የማር ነጋዴው መጋዘን ወስጄ የዕቃ ሚዛን ላይ አቆምኩት። መርፌው አርባ አራት ላይ ቆመ። ነጋዴውን በዓይኔ ለመንኩት። ገባው። «አርባ ስድስት ነው፣ መርጌታ» አለ። ባሌ «ተመስገን» ብሎ ወረደ።

ቤታችን ልንደርስ ስንል ቆመ። «ሰውየውን በጾም ለምን አስዋሸሽው? ቁጥር አነባለሁ እኮ።»

ገብተን እንደተቀመጠ በሶ አምጪ አለኝ። እንዳልራበው አውቃለሁ። እያንገሸገሸው፣ እያረፈ፣ ጨረሰው። ለእኔ ብሎ ነው የበላው።

ሰኞ ለቀጠሯችን በኮረም በኩል ወደ አሥመራ እንነሣለን።