ለእትዬ የዋሸሁት

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን

ውድ እማዬ፣

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ከሥራሽ የምትሰናበቺው በእኔ ምክንያት ነው።

ባለፈው ሐሙስ አክስቴ የሰፋችውን የበረንዳ ወንበሮች ልብስ ይዤ፣ ሞግዚት ሆነሽ ወደምትሠሪበት የሐይቁ የእረፍት ቤት መጥቼ ነበር። አላየሽኝም። በጓሮው በር ገብቼ ቁልቁል ሳይ፣ ውኃው ውስጥ እስከ ወገብሽ ቆመሻል፤ የእትዬ ልጅ ሚጢጢ፣ እጅሽ ላይ ተንጋልላለች። "ሰውነትሽን ልቀቂው የኔ ዓለም፣ አለሁልሽ" ስትያት ሰማሁ። ከዚያ እጅሽን ቀስ ብለሽ ከሥሯ ስታወጪው ተንሳፈፈች። አንቺም ሳቅሽ። እማዬ፣ እኛ ቤት እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼ አላውቅም።

እኔን "ሲመቸኝ ዋና አስተምርሻለሁ" ካልሽኝ ሦስት ዓመት ሆነ። አይመችሽም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እነሱ ለእረፍት ይመጣሉ፤ አንቺም እዚያው ታድሪያለሽ። የክፍሌ ልጆች እረፍት ደረሰ ብለው ሲጨፍሩ፣ እኔ ሻንጣሽን ከአልጋው ሥር ስታወጪ ይታየኛል። ሚጢጢ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። በሷ መቅናት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ግን ቀናሁ።

እትዬ በረንዳው ላይ ነበሩ። ልብሶቹን እየተቀበሉኝ "አንቺም እንደ እናትሽ ዋናተኛ ነሽ?" አሉኝ። አክስቴ "አፍ የለሽም እንዴ?" የምትለኝ እኔ፣ ያን ቀን አፍ አወጣሁ።

"እናቴ ዋና አትችልም።"

"እንዴት አትችልም? በየቀኑ ልጄን ይዛ ትገባ የለ?"

"ጥልቅ ውኃ አትችልም። ሥራውን እንዳታጣ ብላ ነው።"

አስቤበት አልነበረም። ግን ልንገርሽ፣ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ የእረፍት ቤቱ ጀልባ ቀዛፊ ሸራ ሊያሰፋ አክስቴ ሱቅ መጣ።

"እህትሽን ከውኃ አስወጥተው ልብስ አጠባ ላይ አደረጓት" አላት። "እሑድ ሌላ ሞግዚት ትመጣለች፤ እሷ ትሰናበታለች።"

"ምን አጥፍታ?"

"ዋና አትችልም ተብላ።"

"እሷ? እንግዲያው ዓሣም አይችልም በላቸው" አለች አክስቴ። "ዋኝታ አታሳያቸውም?"

"ልዋኝና ይዩኝ ብትላቸው፣ እትዬ 'የገዛ ሰውሽ ካላመነሽ እኔ ልጄን አላስይዝሽም' አሏት።"

"የትኛው ምቀኛ ነው እንዲህ ያለው?"

ምቀኛዋ አጠገቧ ተቀምጣ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባችላት ነበር። አቀርቅሬ ክሩን ቋጠርኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ለካ ይህን ነው።

እማዬ፣ ማን እንደሆነ ስታስቢ የጎረቤቱን ሁሉ ፊት በሐሳብሽ እየዞርሽ ይሆናል። አክስቴንም ሳትጠረጥሪ አትቀሪም። በከንቱ አትጠርጥሪያት።

ነገ ጎሕ ሲቀድ በእግሬ እመጣለሁ። መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ እሰጥሻለሁ፤ አንቺ ፊት ቆሜ እንደማልናገረው አውቃለሁ። ስታነቢው ጀርባዬን አዞራለሁ፣ ትቆጪኝ እንደሆን አትፍጠኚ። ከዚያ እትዬ ዘንድ እገባለሁ። ለእሳቸው ግን በወረቀት አይደለም፣ በአፌ ነው። "እናቴ ዋና ትችላለች፤ የዋሸሁት ቀንቼ ነው" እላቸዋለሁ። በማን ቀናሽ ካሉኝም፣ በልጅዎ እላቸዋለሁ።

ድምፄ ካልተሰማቸው ደግሜ እናገራለሁ።

ልጅሽ