ከሰባት ሙታን ሥር ስለተገኘው ፈቃድ

ለክቡር ኢንጂነር ላቸዛር ቡይኖቭ
የክልሉ የአካባቢ ብክለት ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤና የሚባለው ነገር በእርስዎ ሰፈር እንደሚገኝ ስለሰማሁ፣ እንዳይለይዎት ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በቫሮቭ ዶል ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ሂሳብ ያስተማርሁ፣ አሁንም ከሲሚንቶ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ሥር የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ፋብሪካው አሮጌ ጎማ በምድጃው እንዲያነድ ፈቃድ መስጠትዎን፣ ማስታወቂያውም ለሠላሳ ቀን ተለጥፎ አንድም ተቃውሞ ስላልቀረበ ሕዝቡ እንደተስማማ መቆጠሩን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለዚህ ጥቂት ምስጋናዎች አሉኝ።

፩ኛ/ ማስታወቂያውን በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ስላስለጠፉልን እናመሰግናለን። እንደሚያውቁት ሰሌዳው የሙታን ፎቶግራፍ የምንለጥፍበት ነው፤ በአርባው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱም እናድሰዋለን። ወረቀትዎ በተለጠፈ በማግስቱ ጎረቤቴ ወይዘሮ ጊና የባሏን መንፈቅ ለጠፈችበት። ለምን ብላት፣ «ታዲያ ባሌን የት ልለጥፈው ኖሯል፣ ግንባሬ ላይ?» አለችኝ። እኔም ሙቅ ውሃና ቢላ ይዤ አንድ በአንድ እየላጥሁ ስወርድ፣ ከሰባት ሙታን ሥር ፊርማዎን አገኘሁት። ከሰባቱ አምስቱ በሳንባ ሕመም የሞቱ የመንገዳችን ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ተቃውሞ አልቀረበም መባሉ ጥቂት እርማት ይሻል፤ ቀርቧል፣ ያውም በፎቶግራፍ ተደግፎ።

፪ኛ/ ተቆጣጣሪዎችዎ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ለፋብሪካው ስልክ መደወላቸው የጨዋ ልጅ ወግ ነው። የሰፈሩ ሴቶችም ወሬው ሲደርሳቸው አንሶላ ያጥባሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ነጭ ሆኖ ይደርቅልናል።

፫ኛ/ በፈቃዱ ገጽ አሥራ ዘጠኝ የአቧራው መጠን በዓመቱ አማካይ እንደሚሰላ፣ ምድጃው ለጥገና የሚጠፋባቸው ሳምንታትም አብረው እንደሚቆጠሩ አነበብሁ። ይህን ያሰላ ተማሪ ቢኖረኝ ከስድስት ሁለት ሰጥቼ ወላጁን አስጠራ ነበር። ሰው በአማካይ አይተነፍስም፤ የማክሰኞን አየር ማክሰኞ ነው የሚስበው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በቫሮቭ ዶል ግን አፋችንን ዘግተንም አቧራው ገብቶልናል፤ እንግዲህ ከፍተን እንየው።

፬ኛ/ ባለቤቴ ዝቬዝደሊና። ከመኝታ ቤት እስከ ኩሽና ስትሄድ መካከል ላይ ወንበር አስቀምጬላታለሁ። ሐኪሟ ከዚህ አየር ውጡ ብሎናል፤ ከጭስ ማውጫ ሥር ያለ ቤት የሚገዛ ግን አልተገኘም። ጎማው ከተጨመረበት ክረምቱን አትዘልቀውም ብዬ እፈራለሁ፤ ተናድጃለሁም፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን በትሕትና ቃል የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁም። ለይግባኝ የተሰጠን አሥራ አራት ቀን ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥሁ። እሷም፣ «ፎቶግራፌን ሰሌዳው ላይ ከመለጠፍህ በፊት ስሜን እዚህ ጻፈው፣ ከሁሉም በላይ» አለችኝ። ጻፍሁት። ወይዘሮ ጊናን ጨምሮ አራት መቶ ስድስት ሰዎች ከሥሯ ፈርመው፣ ይግባኙ ዛሬ ጠዋት ለአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ገብቷል።

መስኮት ከፍቼ እንድጽፍልዎ የፈቀደልኝን የዛሬውን ነፋስ እያመሰገንሁ፣ ለማኅተምዎም ለወንበርዎም የሚገባውን አክብሮት ሳላጓድል፣

ስፓስ ኩዩምጂዬቭ

ማሳሰቢያ፦ የፍርድ ቤቱ ደረጃ አርባ ሁለት ነው፤ ባለቤቴ በየአምስቱ ታርፋለች። በችሎቱ ቀን ጥቂት ብንዘገይ፣ ባለጉዳይ አልቀረበም ብለው እንዳያስመዘግቡ አደራ፤ እየወጣች ነው።