የተሞረደው ማነጣጠሪያ

ቅዳሜ

ሽጉጡ የመጣው ከጥቅል ጎመን ሥር ነው። እናቴ ከደሴ በሚኒባስ ወርዳ፣ ኬላውን አልፋ፣ ኮምቦልቻ ቤቴ ገብታ፣ ሰላምታውን ሳንጨርስ ዘንቢሏን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ባለቤቴ ዘሃራ ጎመኑን ልትሰበስብ ጎንበስ እንዳለች ሽጉጡን አይታ እዚያው ቀረች። «ፈትሸውሽስ ቢሆን?» አልኳት እናቴን። «አሮጊት ማን ይፈትሻል» አለች።

የታላቃችን የሁሴን ሽጉጥ ነው፣ አላህ ይማረውና። ይመር የሚባል ጎረቤታችን ቢስቲማ አጠገብ በእርሻ ድንበር ጠብ ከገደለው ሰባት ዓመት ሆነው። ይመር ታስሮ አሁን ተፈታ። አባጋሩ ሼህ እንድሪስ፣ ያገራችንን የደም ነገር የሚያስታርቁት ሽማግሌ፣ እርቁን ለሐሙስ ቀጥረዋል። ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ እኛ እናቅፈዋለን፣ የቤታችን መሣሪያ ሼሁ ፊት ይቀመጣል፣ ያበቃል።

እናቴ ሽጉጡን ከሣጥን ብታወጣው የፊት ማነጣጠሪያው የለም። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የምትቆመዋ ትንሿ ብረት ማለቴ ነው። ታናሻችን አህመድ ጥሎ ሰብሯት፣ አፍሮ ዝም ያለ መስሏታል። አህመድ ደሴ አብሯት ይኖራል፣ ባጃጅ ይነዳል። «እንዳትነግረው፣ ያፍራል። አንተ ብረት ሠራተኛ አይደለህ? የልጄ ዕቃ ጎዶሎ ሆኖ አባጋር ፊት አይቀርብም» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሃያ ዓመት ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ቆሜ ለእናቴ እምቢ ማለት አልተማርኩም።

እሑድ

እረፍት ነኝ። ጥይቱን አወጣሁ። ደግሜ አየሁ፣ ሦስተኛም አየሁ። ዘሃራ ልጆቹን ይዛ ጎረቤት ሄደች። ጓሮ ያለው ብረት መንከሻ ሞርሳዬ ላይ ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኩት።

አልተሰበረም።

የተሰበረ ብረት ፊቱ ሻካራ ነው። ይሄ ለጥ ያለ ነው። ተሞርዷል። ከዚያ የጫማ ቀለም ተቀብቷል፤ በጨርቅ ሳሸው ጥቁሩ ለቀቀና ከሥሩ ብረቱ አበራ። በሞረዱ ሰረዞች መሃል ሳይነካ የቀረ አንድ ቀጭን መስመር አለ። ጥርሱ አንድ ቦታ የተሸረፈ ሞረድ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እንዲህ ያለ ሞረድ ነበረኝ፤ ለባጃጁ ይሁነው ብዬ ለአህመድ ሰጠሁት። የወይራ እጀታ በቶርኖ አውጥቼለት፣ ስሙን ሁሉ ቀርጬበት።

ለምን ይሞርደዋል? እንዳይሠራ ብሎ? ሽጉጥ ያለ ማነጣጠሪያም ይተኩሳል። ምሳ አልበላሁም።

ሰኞ

የፋብሪካችንን ጥበቃ ጋሽ ታደሰን ጠየቅኳቸው። ድሮ ወታደር ነበሩ። የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ፣ «ሰው የሽጉጥ የፊት ማነጣጠሪያ ለምን ይሞርዳል?» አልኳቸው። የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ከኪስ ሲወጣ ጨርቅ እንዳይዝ ነዋ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሊያነጣጥር አላሰበም ልጄ። ሊጠጋ ነው ያሰበው።» ቀና ብለው አዩኝና «የማን ነው?» አሉ። የማንም አይደለም አልኩ።

ሊጠጋ። ሐሙስ ይመር ሊታቀፍ ይመጣል። ከዚያ በላይ ምን መጠጋት አለ?

እርቁን ከሁላችን ቀድሞ እሺ ያለው አህመድ ነው። እናቴ እያለቀሰች ነበር የመረቀችው። እኔ እንኳ ሁለት ወር አንገራግሬያለሁ። ለካ ወዲህ ነው ነገሩ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ይሄን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያየው የለም። ሲገባኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ለአፍታ። ቤታችን ወንድ አለ ለካ አልኩ በሆዴ። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ ፈራሁ። የይመር ወገን ደም ቢመልስ ባጃጅ ነጂ አይመርጥም፣ የቤቱን ታላቅ ነው የሚፈልገው። ታላቁ አሁን እኔ ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ።

ምን ላድርግ?
ሽጉጡን ቦርከና ወንዝ ልጣለው? ቢላ አያጣም።
ለሼሁ ልንገራቸው? እርቁ ይፈርሳል፣ ልጁም ባገር ፊት ይዋረዳል።
ለእናቴ? ትሞትብኛለች።
ለራሱ ለአህመድ? ምን ብዬ?

ማክሰኞ

ከሥራ መልስ ሠራሁት። የቀረችውን ጉቶ በነሐስ ዘንግ መትቼ አወጣሁ። አዲሷን ከአሮጌ ቡሎን ቆርጬ ሞረድኩ። ሁለቴ አበላሸሁ፤ ሦስተኛዋ ገጠመች፣ ንቅንቅ አትልም። ረጅም አድርጌያታለሁ፣ ከሚገባው በላይ፣ ጫፏንም ስል። ባዶውን ሽጉጥ ጃኬቴ ኪስ ከትቼ መዘዝኩት። ያዘ። በኃይል ስጎትተው ገበሩ ተተረተረ። ማታ ዘሃራ ስትሰፋው «አይጥ ነው?» አለችኝ። አይጥ ነው አልኳት።

ጥሩ ሥራ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ሰው እንዳይጠቀምበት ብዬ የሠራሁት ይሄ ብቻ ነው።

አህመድ ደወለ። «አያ፣ ሣጥን ውስጥ የነበረው ዕቃ አንተ ጋ ነው?» አለ። እኔ ጋ ነው አልኩ። «ነገ እመጣለሁ» አለና ዘጋው።

ረቡዕ

መጣ። ሻይ አልጠጣም አለ፣ ጃኬቱንም አላወለቀም። ሽጉጡን አምጥቼ ፊቱ አኖርኩለት። ብዙ አየው። አዲሷን ብረት በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

«ረዝሟል» አለ።

«ኪስ ይይዛል» አልኩ።

ያኔ ማወቄን አወቀ።

ሌሊቱን ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ አላህ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ እናታችን። እሱ ቀደመኝ። «ሁሴንን ያጠብኩት እኔ ነኝ አያ። አንተ ስትደርስ አፈር ለብሶ ነበር።» እውነት ነው። ሺፍት ላይ ነበርኩ፤ አለቃዬ እስኪፈቅድልኝ ቆሜ ጠበቅኩ። ሰባት ዓመት ይሄን ቃል ከአንድ ሰው እጠብቅ ነበር።

«ቀጥሎ የምታጥበው እኔን ነው፣ ሳሙና አዘጋጅ» አልኩት። ክፉ ንግግር ነው። ሌላ አልመጣልኝም።

ሲወጣ በር ላይ የተደረደረውን የልጆቼን ጫማ ቆሞ አየ። ሽጉጡን አልወሰደም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት።

ዓርብ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ጠዋት እርቁ ቦታ ቀድሜ ደርሼ እናቴና አህመድ ከደሴ ሲመጡ ተቀበልኳቸው። አህመድን ሰላም ስለው ወገቡን ዳሰስኩ፣ ባዶ ነው። የጃኬቱን ኪስ ግን አልዳሰስኩም። ሽጉጡን ሼሁ ፊት ጨርቅ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሼሁ አንስተው አገላበጡት። «ይቺ አዲስ ናት» አሉ። «ተሰብራ ነው» አለች እናቴ ከወዲያ። ሼሁ እኔን አዩ፣ አህመድን አዩ፣ «ይሁን» አሉ።

ይመር መጣ። በባዶ እግሩ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ። ሰባት ዓመት የጠላሁት ሰው ትልቅ ነበር፤ የመጣው ጥርሱ የወላለቀ ኮሳሳ ሰው ነው። ሼሁ ድንጋዩን አወረዱለትና «የደሙ ባለቤቶች» ብለው ጠሩን። በታላቅነቴ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ስለ አህመድ እጅ ሳስብ ሰንብቼ ስለ ራሴ ክንድ አላሰብኩም ነበር። አቀፍኩት። ሳሙና ሸተተኝ፣ ታጥቦ ነው የመጣው። ልቡ ደረቴ ላይ ይመታል። ይቅር አልኩ በአፌ። በሆዴ ያለውን እንጃ።

ከዚያ አህመድ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ይመር ሁለት እርምጃ ቀረው፣ አንድ ቀረው፣ እጁ አልወጣም። ያ አላህ ልል አፌን ከፈትኩ።

እጁን አወጣ። ሞረዱ ነው፣ ያ እኔ የሰጠሁት። ይመርን አላየውም፤ ወደ እኔ ዞሮ «አያ፣ ያዝልኝ» አለና መዳፌ ላይ አኖረው። ሁለት እጁን ዘረጋ። ተቃቀፉ። ሰዉ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ዕቃውን ረስቶ ይዞ መጥቶ ነው ብሎ አለፈው፤ አንዱማ ሳቀ። ዱአ ተደረገ። ሽጉጡ ሼሁ ዘንድ ቀረ።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ደወለች። አህመድ ቁርሱን በልቶ ባጃጁን ይዞ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ወጥቷል። በልቶ ስትለኝ ዓይኔን እንባ ሞላው።

ሞረዱ እፊቴ ነው። ትናንት በመሸበር አላየሁትም። የወይራው እጀታ የለም። እጀታው ይገባበት የነበረው ሹል ጫፍ ራቁቱን ነው፣ በድንጋይ ተስሏል፣ ስለቱ አዲስ ነው። ስሰጠው እጀታ ነበረው።

ነገ አዲስ እጀታ አወጣለታለሁ። ከዚያ የምመልስለት ይመስለኛል።