በአንዲት «አዎ» ከቤቱ ሊወሰድ ስላለው ባለቤቴ

ለማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ የካቲት 11

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ እንክብካቤ ማዕከል እንዲገባ የተሰጠው ውሳኔ እንዲታገድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የልብስ ሰፊው ባለቤት ነኝ። ባለቤቴ ከስምንት ወር በፊት መቀሱን እንደያዘ ስትሮክ መትቶት ወደቀ። ሐኪሙ ንግግሩ እንደተጎዳ፣ ማስተዋሉ ግን ደህና እንደሆነ ጽፈው ሰጥተውኛል፤ ወረቀቱን አያይዣለሁ። ከዚያ ወዲህ ከአፉ የሚወጣው ቃል «አዎ» ብቻ ነው። ሲጠማውም «አዎ»፣ ሲናደድም «አዎ»። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ሳይከራከር እሺ ብሎኝ የማያውቅ ሰው ነበር።

2. ታላቅ ወንድሙ አእምሮውን የሳተ መስሎት፣ ለእኔም አዝኖ፣ ለጽሕፈት ቤቱ አመለከተ። ክፋት አስቦ ነው አልልም። ባለፈው ማክሰኞ የመጡት ባለሙያ «አባባ፣ ማዕከሉ ለመግባት ፈቃደኛ ነዎት?» ሲሉት «አዎ» አለ። ቅጹ ላይ ተጻፈ። እኔ «ኧረ እሱ ለሁሉም አዎ ነው የሚለው!» ብል፣ «እትዬ፣ እርስዎን አልጠየቅንም» አሉኝ።

3. ባለሙያዋ ያላስተዋሉት ነገር አለ። ባለቤቴ ድሮም የማይፈልገውን ሥራ ሲያመጡለት ደንበኛ አያሳፍርም፤ ጨርቁን አራት አጥፎ ቀስ ብሎ ወደ ደንበኛው ይገፋዋል። የተቀበለውን ደግሞ ጥጉ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያን ዕለት ቅጹን አራት አጥፎ ወደ ባለሙያዋ ገፋው። እሳቸው ዘርግተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ክቡር ሆይ፣ ሰኞ መኪና እንደሚመጣ ተነግሮኛል። እዚያ እጁን ማን ያይለታል? እያመመው «ደህና ነዎት?» ቢሉት «አዎ» ይላል፤ ዞር ብለው ይሄዳሉ። ጨንቆኛል።

ስለዚህ ሰኞ ሳይደርስ ውሳኔው እንዲታገድልኝና የንግግር ሕክምና የሚያውቅ ሰው ባለበት፣ በአፉ ሳይሆን በእጁ እንደገና እንዲጠየቅልኝ እለምናለሁ። ካላመኑኝ «ሞተዋል?» ብለው ይጠይቁት። «አዎ» ይልዎታል።

ይህን ጽሑፍ አንብቤለት «ልክ ነው?» ስለው «አዎ» ብሏል፤ እሱን በማስረጃነት አላቀርብም። ከዚያ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወሰደው። ያጥፈዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላጠፈውም። ከታች ጥጉ ላይ ያለው ሰማያዊ ምልክት የእሱ ነው። ጠመኔ ስለሆነ ቶሎ ይጠፋልና እባክዎን ሳይጠፋ ይዩልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣
የልብስ ሰፊው ባለቤት
(ፊርማ)