የአባዬ ለቅሶ በሰው ስልክ ውስጥ

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለእታለም ጽጌ፣ ቤይሩት

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እሑድ እሑድስ ቤተ ክርስቲያን እንድትሄጂ ይለቁሻል? በጤና በኩል እኛ ተመስገን ነው። ልባችን ግን አላረፈም፤ ይህን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። በስልክ ያልነገርኩሽ በደወልሽ ቁጥር እማዬ አጠገቤ ስለምትሆን ነው። ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ቤይሩት የምትመለሰው ውባለም ይህን ወረቀት እጅሽ ላይ ታደርስልኛለች።

ነገሩ የአባዬ ለቅሶ ነው። ኅዳር ላይ ሲያርፍ መምጣት ስላልቻልሽ፣ ቅረጽልኝና እኔም እዚሁ ሆኜ ላልቅስ አልሽኝ። ቀረጽኩልሽ። ዛሬ የሩቅ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ያደርገዋል፤ ማንም አልተቆጣኝም። አንቺም ሆድ ሲብስሽ ገጽሽ ላይ ለጠፍሽው። ክፋት አልነበረብሽም፣ አውቃለሁ።

እማዬ ሙሾ ስታወርድ ያለችውን ሰምተሻል። አባዬ ታሞ ሲማቅቅ፣ ወዳጁ ጋሽ አያሌው በደጃችን እያለፉ አንድ ቀን ገብተው እንዳልጠየቁት እያነሣች አለቀሰች። እሳቸውም እዚያው ድንኳን ውስጥ ነበሩ፤ ሰምተው አብረው አለቀሱ። ከቀብር መልስ ለምነው እህል ያቀመሷት እሳቸው ናቸው። በለቅሶ ላይ በተባለ ነገር እኛ አገር ማን ይቀየማል? ድንኳኑ ሲነሣ አለቀ።

ይኼኛው ግን አላለቀም። ጋሽ አያሌውን ያነሣችባትን ቦታ ብቻ ቆርጠው አወጧት። የማናውቀው ሰው ሳቅ ጨመረባት፣ ሌላው ደግሞ ዘፈን። የጋሽ አያሌው ልጅ ፍቅሩ ከዱባይ ደውሎ፣ አባቴን አገር ሳቀበት ብሎ ጮኸብኝ። አንቺ አጥፍተሽዋል፤ ሌላው ጋ ያለውን ማን ያጥፋው? እኔ የምሠራበት ጎሚስታ ቤት ጎማ ሊያስጠግን የመጣ አንድ የሐራ ከተማ ሹፌር፣ ይቺን ሴትዮ አየሃት ወይ ብሎ እየሳቀ ከፈተልኝ። እናቴ ናት አልኩት። ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ያጥፋው አያጥፋው ግን እንጃ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሰው ስልኩን እያየ ሲስቅ በሰማሁ ቁጥር ዞር ብዬ አያለሁ። እንቅልፌም ሥራዬም ተበላሸ።

ጋሽ አያሌው ደጃችንን ከረገጡ ቆዩ። እማዬም ለቅሶ ቤት ስትሄድ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትቀመጣለች። ሰሞኑን አንድ ጎረቤት አርፎ ሴቶቹ፣ አስካለ በይ እንጂ፣ አውርጂልን ቢሏት፣ የወጣቶቹን እጅ እጅ ስታይ ቆይታ ተነሥታ ወጣች። ሰውዬው ሙሾ ሳይወርድለት ተቀበረ። እታለም፣ እናደዳለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን አጣሁት።

አሁን ደግሞ በግንቦት የመንፈቁን ተዝካር ቅረጽልኝ አልሽኝ። እሺም እምቢም ማለት አቃተኝና እማዬን ጠየቅኋት። እስቲ መጀመሪያ ያንን አሳየኝ አለችኝ። አይታው አታውቅም ነበር። ሙሉውን ከፈትኩላትና ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው አየችው።

ባለቤቴ ትንሳኤ ናፍቆቷ ብዙ ነው። ሜላት የአክስቴን ስም መጻፍ ቻልኩ በልልኝ ብላለች። ጎረቤቶቻችን እትዬ ብዙነሽና ሂሩት እንደምነሽ ይሉሻል። የጋሽ አያሌውን ሰላምታ እንደ ድሮው ልጽፍልሽ ብዕሬን አንሥቼ ተውኩት።

የእማዬን ሰላምታ መጨረሻ ያደረግሁት ጥያቄ ስላለበት ነው። ቪዲዮው ሲያልቅ፣ እትዬ ብዙነሽና ሂሩት ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው ሲደግፏት ወደሚታይበት መልስልኝ አለችኝ። መለስኩላት። እነሱን በጣቷ እያሳየችኝ፣ እኔን እነዚህ ያዙኝ፤ ጽጌ ይህን እያየች ስታለቅስ እሷን ማን ያዛት? አለችኝ።

ምን ልበላት?

ወንድምሽ ያሬድ ሀብቴ
መርሳ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.